በሊማሊሞ አፋፍ የቆመው ጊታር

መቶ አለቃ ገሠሠ ከጎንደር ተነሥቶ ደባርቅ ሲደርስ ሬሳው ከገደሉ ወጥቷል፤ የሚቀብረው ግን አልተገኘም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከአንድ ጽድ ሥር፣ በነጭ ሸማ ተሸፍኖ በቃሬዛ ላይ ተጋድሟል። አጠገቡ የተቀመጡት አሮጊት የጥር ወር ነፋስ ሸማውን እንዳይገልጠው ጫፉን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

ሟቹ መምህር ይስማው ነው። በከተማዋ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምር፣ ከሥራ ሲወጣ ጊታር ይመታ የነበረ ወጣት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጊታሩን ይዞ ብቻውን ወደ ሊማሊሞ አፋፍ ሲወጣ ሰዎች አይተውታል። ዓርብ ጠዋት ከገደሉ ሥር ተገኘ። ከላይ ጊታሩ ቋጥኝ ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ አንድ ጭረት እንኳ አልነካውም።

«ነገሩ ግልጽ ነው ጌታዬ» አለ የደባርቁ ፖሊስ አሥር አለቃ አለነ። «ጊታሩን በጥንቃቄ አስቀመጠ፣ ዘለለ። የተገፋ ሰው ዕቃውን እንዲህ አያሰናዳም።»

«ለምን ይዘላል?»

«ተስፋ ቆርጦ ነዋ። አሥመራ ሄጄ ከሆቴል ባንድ ጋር እሠራለሁ ሲል ከረመ፤ አልሄደም። ሰዉም "የተማረ አዝማሪ" እያለ ይስቅበት ነበር።»

አሮጊቷ ቀና አሉ። የሟቹ እናት ወይዘሮ እናናዬ ናቸው፤ መርዶውን ሰምተው ከዳባት በጭነት መኪና ነው የመጡት።

«የኔ ጌታ፣ ልጄ በገዛ እግሩ ገደል አልገባም። እንደ ውሻ ከሜዳ አይጣልብኝ።»

ከቅጥሩ በር የቆሙት ቄሰ ገበዝ ሀብተ ሚካኤል ዐይናቸውን ሰበሩ። «የኔም አንጀት አልቻለም እናናዬ። ግን ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም፤ ሥርዓቱ ነው። ሬሳው ደግሞ ከዚህ በላይ አይቆይም። መቶ አለቃ፣ ሰው ገደለው ብለው ከመሰከሩ ቅጥሩ ውስጥ ከአባቱ አጠገብ ይገባል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልመጡ ግን እዚያ ማዶ እንቀብረዋለን።»

በእጃቸው ያመለከቱት እሾህ የበቀለበት ጠፍ መሬት ነው። እናቲቱ ወደዚያ አልተመለከቱም።

ገሠሠ ቃል አልገባም። ተንበርክኮ የሟቹን እጆች አየ። የቀኙ ጥፍሮች ውስጥ አፈርና የሥር ቅርፊት ሞልቷል። የግራው ጣቶች ጫፋቸው ብቻ ደርቆ እንደ ቁርበት ጠጥሯል። ከኮቱ ደረት ኪስ የተበጠሰ ቀጭን የብረት ክር አወጣ፤ በጥንቃቄ እንደ ቀለበት ተጠቅልሏል።

«አፈር ቧጧል» አለ።

«ከዘለለ በኋላ ልቡ ተመልሶ ይሆናል» አለ አለነ።

«ይሆናል።»

በፖሊስ ጣቢያው ጊታሩን በመስኮቱ ብርሃን አገላብጦ አየው። ስድስቱም ክሮች በቦታቸው አሉ። አምስቱ ደብዝዘዋል፤ ስድስተኛዋ፣ የሁሉም ቀጭኗ፣ አዲስ ሆና ታብለጨልጫለች። ክሯ በተጠቀለለችበት መቃኛ ላይ ጠጋ ብሎ አተኮረ። ከክሯ ሥር ስስ ነጭ ጨርቅ አብሮ ተጠምጥሟል። የሌሎቹን መቃኛዎች አየ፤ ምንም የለባቸውም። ጊታሩን በሻንጣው መልሶ ዘጋው፤ ለአለነም አልነገረውም።

ይስማው የጊታር ተማሪዎቹን ይሰበስብባት የነበረችው ሆቴል የወይዘሮ የሺወርቅ ናት። ሴትዮዋ በሠላሳዎቹ መጨረሻ ያለች፣ ድምፀ መረዋ፣ ቁጥብ ናት። ከመደርደሪያው ላይ ራዲዮ፣ ከግድግዳው ላይ አቧራ የጠጣ ክራር አለ። ሁለት ብርጭቆ የፈላ ሻይ ይዛ መጣች፤ የቀኟን በጨርቅ፣ የግራዋን በባዶ ጣቶቿ ጫፍ። ገሠሠ የእሱን ሊያነሣ ሞክሮ ጣቱን አቃጠለውና መለሰው። አለነ በካፖርቱ እጅጌ ያዘው።

«መምህሩ ማንን ነበር የሚያስተምረው?» አለ ገሠሠ።

«ሁለት ሰው። ድረስን የስልክ ቤቱን ልጅ፣ ደምለውን ሾፌሩን። ቅዳሜ ቅዳሜ የአሜሪካኖቹን ራዲዮ ከአሥመራ እከፍትላቸዋለሁ፤ ብሉዝ የሚሉትን ሲሰሙ እንደ ቅዳሴ ዝም ይላሉ።»

«እርስዎስ አልተማሩም?»

ሳቀች። «እኔ? ሴት ልጅ ጊታር ታቅፋ? ይስማው ቢሰማዎት ይስቅብዎት ነበር።»

«ክራሩ የማን ነው?»

«የልጅነቴ። ጎንደር ሳለሁ እሱን እየመታሁ እዘፍን ነበር። አሁን የሚመታው አቧራ ነው።»

ገሠሠ ተነሥቶ ከክራሩ ሥር ቆመ። ከላይኛው አግዳሚ እንጨት ላይ ክሮቹ እንዴት እንደታሰሩ አተኩሮ አየ።

«የጊታር ክር እዚህ አገር ይገኛል?»

«ደምለው ነው ከአሥመራ የሚያመጣው። ለይስማው እንድሰጥ እኔ ዘንድ ይተወዋል። ግን ከገና ወዲህ ምንም አላመጣም።»

«ሐሙስ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ጓሮ። ጠላ ስጠምቅ።»

«ማን አየዎት?»

«ጋኖቹ።» ከዚያ ቀልዱን የተጸጸተች መስላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጠላት ከፈለጉ ደምለውን ይጠይቁ። "ይህን ጊታር ራስህ ላይ ነው የምሰብረው" ሲለው ቤቱ ሁሉ ሰምቷል።»

ድረስ በስልክ ቤቱ ተገኘ። ከረባት ያሰረ፣ ዐይኑ ያበጠ ልጅ እግር ነው። ገሠሠ ጊታሩን አውጥቶ ከፊቱ አኖረ።

«አስተምረኝ» አለው።

«ምን አሉ?»

«መምህርህ ያስተማረህን የመጀመሪያውን ነገር።»

ድረስ የመቶ አለቃውን ጣቶች እየያዘ ከክሮቹ ላይ አሳረፋቸው። ገሠሠ ሲጫን ብረቱ ሥጋውን ቆረጠው።

«ያማል» አለ።

«ወር ሙሉ ያማል ጋሼ። ከዚያ የግራ እጅ ጣቶች ጫፍ ይደነድናል። ቀኙ አይደነድንም፤ እኛ የምንመታው በመምቻ ነው።» የራሱን ጣቶች አሳየ፤ እንደ ሟቹ ናቸው። «ብሉዝ አሥራ ሁለት ቤት ነው። ሦስት ኮርድ፣ ሦስት የጣት አቀማመጥ፣ ካወቁ በቂ ነው፤ ግን ዕድሜ ልክ አይበቃም ይል ነበር። ሪትሙ፣ ምቱን የሚይዘው፣ ቤት ጠባቂ ነው። ሊዱ፣ ዜማውን የሚመራው፣ እንደ ልቡ ይዞራል፣ ያለቅሳል፣ ይሳደባል፤ ሲመለስ ሪትሙ በሩን ከፍቶ ይጠብቀዋል። እኔ ሪትም ነኝ።» እጁ ቀጭኗ ክር ላይ ቆመ። «ይቺ አዲስ ናት! ከየት አገኛት? ባለፈው ቅዳሜ "መለዋወጫ የለኝም፤ ከተበጠሰች አለቀልኝ" ሲል ነበር።»

«እስኪ አውልቀህ መልሰህ ግጠማት።»

«አሁን?»

«ሌላዋን፣ ወፍራሟን።»

ድረስ ክሩን ፈታ፣ ጫፉን ከመቃኛው ቀዳዳ አስገባ፣ አጥብቆ አዞረ። ጨርቅ አልፈለገም። ሲጨርስ ግንባሩን ከጊታሩ አስደግፎ ማልቀስ ጀመረ።

«አሥመራ ሁለት ጊታር መቺ ይፈልጋሉ ተባለ። ሐሙስ ጠዋት ጠርቶኝ "አንተን መርጫለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንሄዳለን" አለኝ። ራሱን ሊያጠፋ ያለ ሰው እንዲህ ይላል? ግን ለማን ልንገር? ደምለው ከኔ ይበልጥ ነበር፤ ሳይመረጥ በመቅረቱም ተቆጥቷል። ብናገር እኔኑ ወይ እሱን ይይዛሉ ብዬ ፈራሁ።»

«ከሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። የአውራጃው ጸሐፊ ከጎንደር ጋር መስመር እየጠበቁ አጠገቤ ተቀምጠው ዋሉ።»

ገሠሠ በስልክ ቤቱ መስኮት ወደ ውጭ አየ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች።

ደምለው ከጭነት መኪናው ሥር ተኝቶ ሲጠግን ተገኘ። እግሩን ብቻ እያየ ነው ገሠሠ የጠየቀው።

«ራስህ ላይ እሰብረዋለሁ ብለኸው ነበር?»

«ብያለሁ!» አለ ከሥር። «ክር ከአሥመራ የማመላልስለት እኔ፣ ሊዱን ከራዲዮ በጆሮዬ የለቀምኩት እኔ። እሱ ግን አሥመራ አልወስድህም አለኝ። ለምን ስለው "አንተ ቤት አትጠብቅም፤ ስትሄድ አትመለስም" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሾፌር ነኛ።» ወጥቶ ተቀመጠ። ፊቱ ጥቀርሻ ነው። «እኔ ግን አልገደልኩትም። ሲመታ የሰማሁት የመጨረሻው ሰው ግን እኔ ሳልሆን አልቀርም።»

«ንገረኝ።»

«ሐሙስ ከዛሪማ ሽቅብ ስመጣ ሊማሊሞ ላይ ሞተሩ ጋለብኝ። ከመጠምዘዣው ቆሜ ውኃ ስጨምር ከአፋፉ ጊታር ይመጣል። መጀመሪያ ሪትም ነው፤ የይስማው ነው፣ አውቀዋለሁ፣ እንደ ሒሳቡ ደረቅ። ቆየት አለና ሊድ ጀመረ። መቶ አለቃ፣ ምን ልበልዎት። ክሯን እያጎበጠ ያስለቅሳታል፤ ብሉዝ ነው፣ ደግሞ ትዝታ ነው። ጠጉሬ ቆመ። ይስማው በዕድሜው እንዲያ መትቶ አያውቅም። መሞቱን ስሰማ "ለካ ሊሰናበት ሲል ነው የጣፈጠው" አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጸጥ አለ። ሞተሩ ቀዘቀዘልኝ፤ መጣሁ።»

«መጨረሻ ክር ያመጣኸው መቼ ነው?»

«ባለፈው ጉዞዬ፣ ከጥምቀት በኋላ። አንዲት ቀጭን ክር። ለእትዬ የሺ ሰጠኋት፤ ለሱ እንድትሰጥ።»

ገሠሠ ለደምለውም ጊታሩን ሰጠው። ደምለው ከሁሉም ወፍራሟን ክር በሁለት ዙር አውልቆ መለሰ፤ ጫፏን በጥርሱ አጠፈ። ጨርቅ አልፈለገም።

ጥላ ሲረዝም ሁሉም በየሺወርቅ ሆቴል ተሰበሰቡ። ቄሰ ገበዙ ከበሩ አጠገብ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ወይዘሮ እናናዬ ከፊት ተቀመጡ። ድረስና ደምለው በአንድ አግዳሚ ወንበር ሁለት ጫፍ ላይ ሆኑ። የሺወርቅ ከክራሩ ሥር ነበረች። አለነ በሩን ዘጋ።

ገሠሠ ጊታሩን ከጠረጴዛው ላይ አጋደመው።

«ሁላችንም በዚህ ጊታር ተታለናል» አለ። «በጥንቃቄ ስለቆመ፣ ያቆመው ባለቤቱ ነው አልን። የይስማው ጥፍር ውስጥ ግን አፈርና ሥር አለ። ከአፋፉ ጠርዝ ላይ ሥር ይዞ ተንጠልጥሎ ነበር። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ አሥር አለቃ እንዳለው ልቡ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ክሮቹን ልቁጠርላችሁ። ስድስት ናቸው። በኪሱ ግን የተበጠሰች ሰባተኛ አለች።»

«እና ቀየራታ» አለ አለነ።

«በምን? ባለፈው ቅዳሜ መለዋወጫ እንዳልነበረው ለድረስ ነግሮታል። አዲሷን ክር ይዞለት የወጣ ሰው አለ። ወይዘሮ የሺወርቅ፣ ከገና ወዲህ ክር አልመጣም ብለውኝ ነበር። ደምለው ግን ከጥምቀት በኋላ አንዲት አምጥቶ ሰጠኋት ይላል።»

«ረስቼው ነው» አለች የሺወርቅ። «ይስማው መጥቶ ወስዶት ነበር።»

«ወስዶ ራሱ ገጠማት?»

«ሌላ ማን ይገጥመዋል?»

ገሠሠ መቃኛውን ፈታ። ክሯ ስትላላ ከሥሯ ስሷ ነጭ ጨርቅ ወጣች። ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

«ይስማው የገጠማቸው አምስቱ ክሮች ይህ የላቸውም። ድረስ ሲገጥም አየሁ፤ ደምለው ሲገጥም አየሁ፤ የመምህራቸውን መንገድ ነው የተማሩት። በጊታር ላይ ክሩ በቀዳዳ ያልፋል፤ ጨርቅ አያሻውም። ጨርቅ የሚያሻው ቀዳዳ የሌለው ነው።» ወደ ግድግዳው ሄዶ ክራሩን አወረደ፣ አቧራውን በእጁ ጠረገ። ከአግዳሚው ላይ ክሮቹ እንዳይንሸራተቱ እያንዳንዳቸው ከጨርቅ ጋር ተጠምጥመዋል። «እጅ የለመደውን ያደርጋል። ይህችን ክር የገጠመው ክራር መቺ ነው።»

«ክራር በየቤቱ አለ» አለች የሺወርቅ።

«አለ። ግን ሐሙስ አፋፉ ላይ ሁለት ሰው ነው የመታው። ደምለው፣ የሰማኸውን ንገራቸው።»

ደምለው ተናገረ።

«አንድ ጊታር፣ ሁለት መቺ» አለ ገሠሠ። «አንዱ እንደ ሒሳብ፣ ሌላው እንደ ትዝታ። ክራር የሚያውቅ፣ ጊታርም የሚችል ሰው። ወይዘሮ የሺወርቅ፣ ጠዋት የሚፈጅ ብርጭቆ በግራ እጅዎ ጣቶች ጫፍ ይዘው መጡ። ቀኝዎ ግን ጨርቅ ፈልጓል። የወጥ ቤት ሥራ ሁለቱንም እጅ ነው የሚያደነድነው። ግራውን ብቻ፣ ያውም ጫፉን ብቻ የሚያደነድን ምን እንደሆነ ድረስ ዛሬ አስተምሮኛል። እጅዎን ያሳዩን።»

ቀኝ እጇን ዘረጋች።

«ግራውን።»

አልዘረጋችም። ወደ ጠረጴዛው መጣችና ጊታሩን አነሣች። አያያዟን ያዩት ድረስና ደምለው በአንድነት ተነሡ። ጣቶቿ ሳያዩ ቦታቸውን አገኙ። ግን አልመታችም፤ እንዳይጮህ መዳፏን ከክሮቹ ላይ ከደነችበት።

«እናቱ ባሉበት አይሆንም» አለች።

«እትዬ የሺ» አለ ደምለው በሹክሹክታ። «አንቺ ነበርሽ?»

«እኔ ነበርኩ። የሰማኝ ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር።»

እሷ ለብቻዋ እንደምታወራ ቀጠለች።

«ሁለት ዓመት አስተማረኝ። እዚህ ሰው ያማናል፣ ሚስት የሚሰጠኝም አላገኝም ብሎ፣ ሐሙስ ሐሙስ አፋፉ ላይ፣ ተደብቀን። ጣቴ ሲደማ ሰው ቢጠይቀኝ ስፌት ስሰፋ ወግቶኝ ነው አልኩ። "ከኔ አለፍሽ" ሲለኝ አሥመራ የሚወስደኝ መስሎኝ ነበር። እኔ ከዚህ ቤት ጠላ ከመቅዳት ሌላ ምን አለኝ? ክሯን ደብቄ ያቆየኋት አሥመራ አብረን ስንሄድ ልሰጠው ብዬ ነበር። ሐሙስ ክሩ ሲበጠስበት አወጣኋት፤ ራሴ ገጠምኩለት፤ ጨርቁን ከነጠላዬ ቀደድኩ። መታሁለት። ዐይኑ ዕንባ አቀረረ። ከዚያ "ድረስን ነው የምወስደው" አለኝ። "ሴት ሊድ ስትመታ ካዩ እኔንም ይስቁብኛል" አለ። እየሳቀ ነው ያለው። ጊታሩን ስጭኝ ብሎ ጎተተ። በክርኔ ገፋሁት።»

«ወደቀ?» አለ ገሠሠ።

«ተንሸራተተ። የአስታ ቁጥቋጦ ሥር ይዞ ቆመ። ደርሼበት ነበር፣ እጄ ይደርስ ነበር። ጊታሩን ግን በሁለት እጄ ይዤዋለሁ። ብጥለው ይሰበራል። ወደ ቋጥኙ ሄጄ አስደገፍኩት። እንዳይወድቅ አስተካከልኩት። ዞር ስል ሥሩ ብቻ ነበር።»

አለነ ባርኔጣውን አወለቀ። ድረስ ፊቱን ሸፈነ።

«ከዚያ ሰዉ "ራሱን አጠፋ" ሲል እርስዎ ዝም አሉ» አለ ገሠሠ። «እናቱ ሸማውን ይዘው ነፋስ ላይ ሲቀመጡ ዝም አሉ።»

«ዝም አልኩ። አምላክ ያውቀዋል አልኩ።»

ወይዘሮ እናናዬ ተነሡ። ሁሉም ሊመቷት መሰለው፤ አለነ አንድ እርምጃ ቀረበ። አሮጊቷ ግን የሺወርቅ ፊት ቆመው በዝግታ ጠየቁ።

«ሥሩን ይዞ ሳለ ተናገረ?»

«ተናገረ እማማ።»

«ምን አለ?»

«"የሺ፣ እጅሽን" አለ።»

«እጁን ዘረጋልሽ?»

«ዘረጋ።»

እናቲቱ ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ።

«እንግዲያ መኖር ፈልጎ ነበር» አሉ። ቀጥለውም ወደ በሩ አመለከቱ። «እኔ ብናገር እናት ናት ይላሉ። አንቺ ንገሪያቸው። ለቄሰ ገበዙ፣ ጮክ ብለሽ።»

የሺወርቅ ጊታሩን ከጠረጴዛው ላይ አጋደመችው፤ ከጠርዙ ላይ ስለነበር ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብላ አላነሣችውም። ወደ ቄሰ ገበዙ ዞራ፣ ጎንደር ሳለች በዘፈነችበት ድምፅዋ፣ ጮክ ብላ፣ የሟቹን የመጨረሻ ቃል ደገመችው።

ቄሰ ገበዝ ሀብተ ሚካኤል አማተቡ። በሩን ከፍተው ከውጭ ወደቆሙት ዲያቆናት ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ደወሉን ደውሉ። ቃሬዛውን ወደ ውስጥ አግቡት።»

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር።